የጉልበታችሁን ከፍና ዝቅ በምን ትከታተላላችሁ? ደብተር፣ ስልክ፣ ስማርት ሰዓት ወይስ ሚዛን

ጥር ውስጥ ነው። ዓርብ ማታ ከሥራ መልስ ቤንች ላይ ተኛሁ። ባሩ ላይ 60 ኪሎ አለ። ሰኞ ዕለት ያንኑ ብረት 8 ጊዜ ገፍቼዋለሁ። ዓርብ ግን አምስተኛው ላይ ክንዴ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ስድስተኛው መሀል ላይ ቆመ። አጠገቤ ሲሠራ የነበረ ልጅ ሮጦ መጥቶ አነሳልኝ።

ቤት እስክገባ ድረስ የማስበው ስለዚያ ብቻ ነበር። የሦስት ወር ልፋቴ ገደል የገባ መሰለኝ። በማግስቱ ፕሮግራሜን ከላይ እስከ ታች ቀየርኩት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብተሬን ሳገላብጥ ሌላ ነገር አየሁ። ከመቀየሬ በፊት የነበሩት አራት ሰኞዎች 6፣ 7፣ 8፣ 8 ይላሉ። አራቱ ዓርቦች ደግሞ 5፣ 5፣ 6፣ 5። ዓርብ እስከ 9 ሰዓት እጾማለሁ። ሐሙስ ማታ አምሽቼ ነው የምተኛው። ሰኞ የምመጣው እሑድን በደንብ በልቼና ጠግቤ ተኝቼ ነው። ጉልበቴ እየጨመረ ነበር። ዓርብ ዓርብ የምለካው ግን ባዶ ሆዴንና የእንቅልፍ እጦቴን ነበር። ደህና ይሠራ የነበረውን ፕሮግራም በከንቱ ጣልኩት።

ስፖርት የሚሠራ ሰው ሁሉ እዚህ ቦታ ላይ አንድ ቀን ይቆማል። ከዚያ መከታተያ ፍለጋ ይጀመራል። አንዱ ሰዓት ግዛ ይላል፣ ሌላው መተግበሪያ አውርድ ይላል፣ ሌላው ሚዛን ላይ በየቀኑ ውጣ ይላል። እኔ ላለፉት ጥቂት ዓመታት ሁሉንም ሞክሬያለሁ። የምርት ስም አልጠራም። የምርት ስም ከመምረጥ በፊት ምን ዓይነት መከታተያ እንደሚያስፈልጋችሁ ማወቅ ይቀድማል።

## መጀመሪያ፣ ቁጥሩ ለምን ይዋዥቃል?

ይህን ሳያውቁ መከታተያ መምረጥ ገንዘብ ማባከን ነው።

የሰው ጉልበት በአንድ ቀን ውስጥ እንኳ አንድ ዓይነት አይደለም። ብዙ ሰው ከማለዳ ይልቅ ከ10 እስከ 12 ሰዓት፣ አመሻሹ ላይ፣ ይበረታል። የሰውነት ሙቀት በዚያ ሰዓት ከፍ ስለሚል ጡንቻ ቶሎ ይታዘዛል። ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት የሠራችሁትን ሐሙስ ማታ 12 ሰዓት ከሠራችሁት ጋር ብታወዳድሩ ልዩነቱ የሰዓቱ እንጂ የጡንቻችሁ ላይሆን ይችላል። (ደብተር ላይ «12 ሰዓት» ብቻ አትጻፉ። «ጠ» ወይም «ማ» ጨምሩበት። ከሁለት ወር በኋላ ራሳችሁ ትረሱታላችሁ።)

ምግቡ ደግሞ አለ። ሰውነት ከእንጀራ፣ ከዳቦና ከፓስታ ያገኘውን ኃይል ግላይኮጅን አድርጎ ጡንቻና ጉበት ውስጥ ያስቀምጣል። የጡንቻ ስንቅ ልትሉት ትችላላችሁ። አንድ ግራሙ 3 ግራም ያህል ውኃ ይዞ ነው የሚቀመጥ። እሑድ ጠግባችሁ በልታችሁ ሰኞ ጠዋት ሚዛኑ ኪሎ ተኩል ቢጨምር ስብ አልሆናችሁም። ስንቅና ውኃ ነው። የወጡ ጨውም የራሱን ውኃ ይይዛል። በተቃራኒው ሁለት ቀን በጾም ስታሳልፉ ሚዛኑ ይወርዳል፣ ብረቱም ይከብዳል።

ሌላው እንቅልፍ ነው፣ ጭንቀት ነው፣ ከትናንት የተረፈ ድካም ነው። ለሴቶች ደግሞ የወር አበባ ዑደት አለ። ከመምጣቱ በፊት ባሉት ቀናት ብዙ ሴቶች ውኃ ይይዛሉ፣ ሚዛንም ይጨምራል። ከጂም በፊት የጠጣችሁት ቡና እንኳ ቁጥሩን ይነካል።

ለሚሮጡ ከፍታም አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ናት፤ እንጦጦ ሲወጣ 3,000 ይታለፋል። ሐዋሳ 1,700 አካባቢ ነው። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለእረፍት የመጣ ሰው እዚህ ሶምሶማ ሲወጣ ልቡ በፍጥነት ይመታል፣ ሰዓቱም «አቅምህ ወርዷል» ሊለው ይችላል። አቅሙ ያው ነው። የቀነሰው በየትንፋሹ የሚያገኘው ኦክስጅን ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ቁጥር ለብቻው ጻፉት።

ሰዎች የሚረሱት ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ብረቱ ራሱ። አንድ ማሽን ላይ የተጻፈው 40 ሌላ ማሽን ላይ ካለው 40 ጋር እኩል አይደለም፤ የገመዱ መዘውሮች ብዛት ይለውጠዋል። ደረጃውን የጠበቀ ረጅም ባር 20 ኪሎ ነው፤ የሴቶቹ 15። ብዙ ጂሞች ያሉት ባር ግን ከዚያ የቀለለ ነው። ሰፈር ውስጥ የምንሠራበት፣ የቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ሲሚንቶ ተሞልቶ በቱቦ የተያያዘው ብረትማ ግራና ቀኙ እንኳ እኩል ላይሆን ይችላል። እኔ የቤቴን እህል ቤት ወስጄ አስመዘንኩት። 30 ኪሎ ሲባል የነበረው 26 ተኩል ሆኖ ተገኘ። አንዱ ጎን ከሌላው አንድ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት በቀረው ይበልጣል። አሁን ቁጥሩ በነጭ ቀለም ተጽፎበታል።

## በምን መስፈርት እንምረጥ?

እኔ አምስት ነገር አያለሁ። ሁለቱ ከሌሎቹ ይበልጥብኛል።

ለራሱ ታማኝ ነው ወይ? ዛሬም ነገም አንድ ዓይነት ነገር ሲለካ አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣል? ሚዛናችሁ ሁልጊዜ ሁለት ኪሎ አብዝቶ ቢያሳይ ችግር የለውም። ለውጡን ያሳያችኋል። ዛሬ አብዝቶ ነገ አሳንሶ የሚያሳይ ከሆነ ግን ጣሉት።

ሁኔታውን ይይዛል ወይ? ቁጥሩ ብቻውን ዲዳ ነው። አጠገቡ ስንት ሰዓት እንደተኛችሁ፣ ጾም ይሁን ፍስክ፣ ጠዋት ይሁን ማታ ካልተጻፈ ትርጉም የለውም። እኔን ጥር ውስጥ ያዳነኝ «ዓርብ» የምትለዋ ቃል ናት።

ቀሪዎቹ ሦስቱ ቀለል ያሉ ናቸው። በቀን ስንት ደቂቃ ይወስዳል? ከሦስት ወር በኋላ ወደኋላ ተመልሶ ለማየት ይመቻል? ስንት ያስወጣል? ወጪ ስል የመግዣውን ዋጋ ብቻ አይደለም። ቻርጅ፣ የሞባይል ዳታ፣ በዶላር ካርድ የሚከፈል የወር ክፍያ፣ ሲበላሽ የሚጠግነው ሰው መገኘት፣ ሁሉም ወጪ ነው።

## ደብተርና እስክሪብቶ

አድልዎዬን አስቀድሜ ልናገር። እኔ ከሁሉም የማስቀድመው ይህን ነው።

የኔ አንድ ገጽ እንዲህ ይመስላል፦

*ሰኞ፣ ማ 11:30። እንቅልፍ 7። ፍ። ቤንች 60፦ 8፣ 7፣ 7። ድካም 8።*
*ረቡዕ፣ ማ 11:30። እንቅልፍ 6። ጾ። ቁጭ ብድግ 80፦ 5፣ 5፣ 4። ድካም 9። ቀኝ ጉልበቴን ትንሽ አመመኝ።*

ይኸው ነው። «ፍ» ፍስክ፣ «ጾ» ጾም። «60፦ 8፣ 7፣ 7» ማለት 60 ኪሎ በሦስት ዙር 8፣ 7፣ 7 ጊዜ ነው። «ድካም» የሚለውን ነጥብ ወደ ታች እመጣበታለሁ። በዙር መሀል ሳርፍ ነው የምጽፈው፤ ተጨማሪ ጊዜ አይወስድብኝም። መብራት ቢጠፋ፣ ኔትወርክ ባይኖር፣ ስልክ ቢሰረቅ ምንም አይሆንም። የላብ ጠብታ ብቻ ነው ጠላቱ። ለዚህ ወፍራም ሽፋን ያለውን ምረጡ።

ትልቁ ጥቅሙ የፈለጋችሁትን መጻፍ መቻላችሁ ነው። «ለቅሶ አድሬ መጣሁ» የሚል ቦታ ያለው መተግበሪያ እስካሁን አላየሁም። እኔ ግን ጽፌ አውቃለሁ። የዚያ ቀን ቁጥር ለምን እንደወረደ ከዓመት በኋላም ይገባኛል።

ድክመቱ ሥዕል አለማሳየቱ ነው። የስድስት ወር ጉዞን በአንድ እይታ ማየት አይቻልም። በወር አንዴ ቁጭ ብሎ ማስላት ይጠይቃል። ይህን የሚሠራ ሰው ጥቂት ነው፤ የማይሠራ ከሆነ ደግሞ ደብተሩ መጋዘን ብቻ ይሆናል።

ስሌቱ አይከብድም። የገፋችሁትን ኪሎ በድግግሞሹ አባዙት፣ ለ30 አካፍሉት፣ ያገኛችሁትን ኪሎው ላይ ደምሩት። አንዴ ብቻ ልትገፉት የምትችሉትን ክብደት ግምት ይሰጣችኋል። አሜሪካዊው አሰልጣኝ ቦይድ ኤፕሊ ያስተዋወቀው ቀመር ነው። 60 ኪሎ 8 ጊዜ ማለት 76 ኪሎ ነው። 62.5 ኪሎ 6 ጊዜ ደግሞ 75። አያችሁ? ብረት ጨመርኩ ብሎ የተደሰተ ሰው ጉልበቱ ባለበት ነው። ድግግሞሹ ከ10 ሲያልፍ ግን ቀመሩ መሳት ይጀምራል፤ እዚያ ላይ አትመኑት።

## ከ10 ስንት? የድካም ነጥብ

ከላይ ደብተሬ ላይ «ድካም 8» ያልኩት ይህ ነው። ለብቻው ሊቆም ይችላል፣ ከሌላው ጋር ሲሆን ግን ይበረታል።

የሐሳቡ አባት ስዊድናዊው ጉናር ቦርግ ነው። የመጀመሪያው የእሱ መለኪያ ከ6 እስከ 20 ነበር። ቁጥሩ በ10 ሲባዛ የልብ ምትን እንዲጠጋ አስቦ ነው፤ 13 ያለ ሰው ልቡ 130 አካባቢ ይመታል ለማለት። ጂም ውስጥ ዛሬ የምንጠቀመው ከ10 የሚቆጠረውን ነው። 10 ማለት አንድም መጨመር አልችልም። 9 ማለት አንድ ይቀረኛል። 8 ማለት ሁለት።

ለምን ወደድኩት? ብረቱ ሳይለወጥ እናንተ ስትለወጡ ያሳያል። 60 ኪሎ 8 ጊዜ በኅዳር 9 ነጥብ ከነበረና በየካቲት ያው 60 ኪሎ 8 ጊዜ 7 ነጥብ ከሆነ ጠንክራችኋል። ብረቱ ላይ ያለው ቁጥር ግን ምንም አላሳየም።

ለሩጫም ይሆናል። የሮጣችሁበትን ደቂቃ በነጥቡ አባዙት። 45 ደቂቃ በ6 ነጥብ 270 ይሆናል። የሳምንቱን ደምሩ። አንድ ሳምንት 900 ሆኖ በቀጣዩ በድንገት 1,600 ከሆነ፣ በሦስተኛው ሳምንት እግራችሁ ለምን እንደከበደ መልሱ እጃችሁ ላይ ነው።

ጀማሪ ግን ይሳሳትበታል። ገደቡን ገና ስለማያውቀው ሁሉም ነገር 10 ይመስለዋል። ሁለት ወር ያህል ይፈጃል እስኪለመድ።

## የስልክ መተግበሪያና ሰንጠረዥ

ሥዕል የሚወድ ሰው ይህን ይምረጥ። ቁጥሩን ስታስገቡ መስመሩ ራሱ ይሳላል፣ የሳምንት አማካይ ይወጣል፣ ባለፈው ምን እንደሠራችሁ ዙሩ ሳይጀመር ያስታውሳችኋል።

ከመምረጣችሁ በፊት ሦስት ነገር ፈትሹ። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል ወይ? የጂሙ ምድር ቤት ኔትወርክ ከሌለው መተግበሪያው ዝም ብሎ ይሽከረከራል። ያስገባችሁትን አውጥታችሁ መውሰድ ትችላላችሁ ወይ? ስልክ ሲቀየር የሁለት ዓመት መረጃ ሲጠፋ ያየሁት በቅርብ ጓደኛዬ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ለወር ያህል ምንም አልጻፈም፣ ቅስሙ ተሰብሮ። ሦስተኛው፣ ነፃ የተባለው እስከ መቼ ነው ነፃ? ብዙዎቹ ከሁለት ሳምንት በኋላ በውጭ ካርድ ክፈሉ ይላሉ። ውጭ ላለ ሰው ቀላል ነው፤ አዲስ አበባ ላለ ሰው ግን በር መዘጋት ነው።

እኔ የምመክረው ተራ ሰንጠረዥ ነው። ኤክሴል ወይም ጎግል ሺትስ። ዓምዶቹን ራሳችሁ ታወጣላችሁ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ እንቅልፍ፣ ጾም ወይም ፍስክ፣ ኪሎ፣ ድግግሞሽ፣ ነጥብ። ከዚያ «የጾም ቀናትን ብቻ አሳየኝ» ብላችሁ ማጣራት ትችላላችሁ። ይህን ደብተር አይችልም፤ ካየኋቸው መተግበሪያዎችም አብዛኞቹ አይችሉም። ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ወይም በፈረንጅ፣ አንዱን መርጣችሁ ጽኑ። ሁለቱን የቀላቀለ ሰንጠረዥ ጳጉሜን ላይ ሲደርስ ይበጠበጣል።

አንድ ችግር ግን ከሁሉም ይከፋል። ስልክ በዙር መሀል እጅ ላይ ከገባ ቴሌግራም ይከፈታል። የሁለት ደቂቃ እረፍት ሰባት ደቂቃ ይሆናል። ረዘም አርፋችሁ የገፋችሁት ብረት ደግሞ ካለፈው ጋር አይወዳደርም። እኔ ጂም ውስጥ በደብተር እጽፋለሁ፣ እሑድ ማታ ወደ ሰንጠረዥ እገለብጣለሁ። አሥር ደቂቃ ነው።

## ስማርት ሰዓት

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለዚህ ነው።

በ2017 (በፈረንጅ አቆጣጠር) የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እጅ ላይ የሚታሰሩ ሰባት መሣሪያዎችን በ60 ሰዎች ላይ ፈትሸው ነበር። ከሰባቱ ስድስቱ የልብ ምትን ከ5 በመቶ ባነሰ ስህተት ለኩ። ይህ ጥሩ ነው። የተቃጠለ ካሎሪን ግን አንዳቸውም በደንብ አልለኩም። የተሻለው በአማካይ በ27 በመቶ ሳተ፣ የባሰው በ93 በመቶ። መሣሪያዎቹ ከዚያ ወዲህ ተሻሽለዋል። ቢሆንም ሰዓታችሁ 500 ካሎሪ አቃጠልክ ሲላችሁ ያንን ቁጥር ይዛችሁ ወደ ክትፎ ቤት አትሂዱ።

አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል። ከሰዓቱ ጀርባ አረንጓዴ ብርሃን ቆዳችሁ ውስጥ ይገባል። ደም ባለፈ ቁጥር ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ይለዋወጣል፤ ከዚያ ምቱ ይሰላል። ስለዚህ ባር ጨብጣችሁ አንጓችሁ ሲታጠፍና ጡንቻችሁ ሲወጠር ንባቡ ይዛባል። ጥቁር ቆዳ አረንጓዴ ብርሃንን የበለጠ ስለሚውጥ ለእኛ ጠበቅ አድርጎ ማሰርና ከአንጓ አጥንት ሁለት ጣት ከፍ ማድረግ ይረዳል። ብረት ስትሠሩ ትክክለኛ ምት ካስፈለጋችሁ ደረት ላይ የሚታሰረው ቀበቶ ይሻላል። እሱ የልብን ኤሌክትሪክ ነው የሚያነብ።

ሰዓት የሚያበልጠው ለሯጭ ነው። ርቀት፣ ፍጥነት፣ ምት፣ ሁሉንም ሳትነኩት ይይዛል። የሌሊት የልብ ምትና የእንቅልፍ ሰዓት አዝማሚያም ይጠቅማል።

የማልወደው ጠዋት ጠዋት የሚሰጠውን «ዝግጁነት» የሚባለውን ነጥብ ነው። ከእንቅልፍ፣ ከምትና ምቶቹ መሀል ካለው የጊዜ ልዩነት ቀምሞ ከ100 አንድ ቁጥር ያወጣል። ስትጾሙ አያውቅም። ለቅሶ ቤት አድራችሁ እንደሆነ አያውቅም። አንድ ጠዋት 38 ሰጠኝ፤ ስፖርቱን ተውኩት። በማግስቱ ነገሩን ሳጣራ ሌሊት ማሰሪያው ላልቶ ነበር። ቁጥሩን ከማየታችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ፣ «ዛሬ ከ10 ስንት ነኝ?» ብላችሁ ጻፉ፣ ከዚያ ሰዓቱን እዩ። ለአንድ ወር እንዲህ ካደረጋችሁ ሰዓቱ ምን ያህል እንደሚያውቃችሁ ታውቃላችሁ።

## የጠዋት ምትና የግድግዳ ዝላይ

ገንዘብ የማያስወጣ፣ ግን ብዙ ሰው የማይሞክረው መንገድ ነው።

ጠዋት ከአልጋ ሳትነሱ ሁለት ጣት አንጓችሁ ላይ አድርጉና ሙሉ 60 ሰከንድ ቁጠሩ። 15 ሰከንድ ቆጥራችሁ በ4 አታባዙ፤ አንድ ምት ብትስቱ አራት ሆኖ ይመጣል። የአዋቂ ሰው ምት በእረፍት ጊዜ ከ60 እስከ 100 ነው፣ ስፖርተኛ ከ60 ሊወርድ ይችላል። የሚያስፈልጋችሁ ግን የራሳችሁ ልማድ ነው። ሁለት ሳምንት ቁጠሩ፣ አማካዩን ያዙ። ከዚያ ለሁለት ሦስት ቀን ከ5 እስከ 10 ምት ከፍ ካለ ወይ እንቅልፍ አጥታችኋል፣ ወይ ጉንፋን እየመጣ ነው፣ ወይ አብዝታችኋል። ቀለል አድርጋችሁ ሥሩ።

ዝላዩ ደግሞ ለእግር ነው። ግድግዳ አጠገብ ቆማችሁ እጃችሁ የደረሰበትን ምልክት አድርጉ። ጣታችሁን ጠመኔ ቀብታችሁ ዝለሉ። በሁለቱ ምልክቶች መሀል ያለውን በሜትር ለኩ። ሦስት ጊዜ ሞክሩ፣ ትልቁን ያዙ። የእግር ድካም ካለ ዝላዩ ከብረቱ ቀድሞ ይናገራል።

## ሚዛን፣ ሜትርና ፎቶ

ሚዛን ጉልበት አይለካም። ይህን ያህል ግልጽ ነው። ጀማሪ በወር ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ጡንቻ ከጨመረ ደስ ይበለው። ሚዛኑ ግን በአንድ ቀን ከዚያ በላይ ይዋዥቃል። አንድ ሊትር ውኃ ጠጥታችሁ ብትወጡበት እንኳ አንድ ኪሎ ይጨምራል።

ክብደት ለመቀነስ ከሆነ ግን ያስፈልጋችኋል። ጠዋት፣ ሽንት ቤት ደርሳችሁ፣ ምንም ሳትቀምሱ ተመዘኑ። የሰባቱን ቀን ደምራችሁ ለ7 አካፍሉ። ይህን ሳምንት ካለፈው ሳምንት ጋር ብቻ አወዳድሩ።

«የስብ መጠን ይለካል» የሚባለው ሚዛን በእግር በኩል ትንሽ ኤሌክትሪክ ይልካል፣ ከውኃችሁ ተነሥቶ ስቡን ይገምታል። ውኃ ስትጠጡ ስባችሁ ይለወጣል ማለት ነው። ለዚያ ተጨማሪ ብር አታውጡ። የልብስ ሰፊ ሜትር በሁለት ሳምንት አንዴ ወገብ ላይ፣ ፎቶ በወር አንዴ በዚያው ብርሃን፣ ይበቃል።

## በአንድ እይታ

| መንገዱ | ለራሱ ታማኝነት | ሁኔታን መያዝ | በቀን ጊዜ | ወደኋላ ለማየት | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ደብተር | ከፍተኛ (ብረቱ ያው ከሆነ) | እጅግ ጥሩ | 2 ደቂቃ | ስሌት ይጠይቃል | የደብተር ዋጋ |
| ከ10 ነጥብ | ከሁለት ወር ልምምድ በኋላ ጥሩ | መካከለኛ | ሰከንዶች | ከደብተር ጋር ጥሩ | የለውም |
| ሰንጠረዥ ወይም መተግበሪያ | ከፍተኛ | ሰንጠረዥ ጥሩ፣ መተግበሪያ ደካማ | ከ3 እስከ 5 ደቂቃ | እጅግ ጥሩ | ከነፃ እስከ ወር ክፍያ |
| ስማርት ሰዓት | ለሩጫና ለእረፍት ምት ጥሩ፣ ለብረት ደካማ፣ ለካሎሪ መጥፎ | ደካማ | የለውም፣ ቻርጅ ብቻ | ጥሩ | ከፍተኛ |
| የጠዋት ምትና ዝላይ | ጥሩ | ደካማ | ከ1 እስከ 3 ደቂቃ | ከደብተር ጋር ጥሩ | የለውም |
| ተራ ሚዛን | በሳምንት አማካይ ጥሩ | የለውም | 1 ደቂቃ | መካከለኛ | መካከለኛ |

## ቁጥሩ ሲወርድ

የትኛውንም ብትመርጡ ይህን ካልያዛችሁ እኔ ጥር ላይ ያደረግሁትን ታደርጋላችሁ።

ሰኞን ከሰኞ ጋር፣ የጾም ቀንን ከጾም ቀን ጋር፣ ማለዳን ከማለዳ ጋር አወዳድሩ። አንድ ቀን ቢወርድ ጻፉትና እለፉት። በተመሳሳይ ሁኔታ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ከወረደ ያኔ ምክንያት ፈልጉ። መጀመሪያ እንቅልፍ፣ ቀጥሎ ምግብ፣ ቀጥሎ የሳምንቱ ጫና። ፕሮግራም መቀየር መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው።

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ረመዳን አንድ ወር ሙሉ ነው፣ ቀን ውኃም የለም። በእነዚህ ወራት አዲስ ሪከርድ አትጠብቁ። ያለውን መያዝ ራሱ ውጤት ነው። ከጾሙ በፊት የነበረውን የመጨረሻ ሳምንት ምልክት አድርጉበትና ከፋሲካ ወይም ከኢድ ሦስት ሳምንት በኋላ ካለው ጋር አወዳድሩ።

ደረት የሚያም፣ የሚያዞር፣ ልብ ያለ ምክንያት የሚመታ ከሆነ ግን ጉዳዩ የመከታተያ አይደለም። ሐኪም ጋ ሂዱ።

## ለማን የቱ?

ገና ለጀመረ። ደብተር ብቻ። የመጀመሪያዎቹ ወራት ብረቱ በየሳምንቱ ይጨምራል፤ ሌላ ነገር አያስፈልግም። ሰዓት ለመግዛት ያሰባችሁትን ብር ለምግብ አውሉት።

ሁለት ዓመት ሠርቶ ለቆመበት። ደብተር፣ ከ10 ነጥብና ሰንጠረዥ። ለውጡ አሁን ትንሽ ስለሆነ በዓይን አይታይም፣ በወር አማካይ ነው የሚገኘው።

ለሯጭ። አቅም ካለ ሰዓት፤ ከሌለ የ12 ደቂቃ ሩጫ። አሜሪካዊው ሐኪም ኬኔት ኩፐር በ1968 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ያስተዋወቀው ፈተና ነው፤ በ12 ደቂቃ ስንት ሜትር እንደሮጣችሁ ትለካላችሁ። በወር አንዴ፣ በዚያው ሜዳ፣ በዚያው ሰዓት። የኩፐርን የውጤት ሠንጠረዥ ግን ተዉት፣ አዲስ አበባ ላይ ከፍታው ይቀንስባችኋል። ካለፈው ወራችሁ ጋር ተወዳደሩ።

ቤት ውስጥ ያለ ብረት ለሚሠራ። ፑሻፕ፣ ቁጭ ብድግ፣ የግድግዳ ዝላይ፣ የጠዋት ምት። ደብተር እንጂ ሌላ ወጪ የለም።

ክብደት ለሚቀንስ። ተራ ሚዛን በሳምንት አማካይ፣ ሜትር፣ ከዚያም ደብተር። ሚዛኑ ወርዶ ብረቱም አብሮ ከወረደ ጡንቻችሁ እየሄደ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ካልያዛችሁ ይህ አይታያችሁም።

ለወላጆቻችን። ይህን የጨመርኩት በእናቴ ምክንያት ነው። አንድ ቀን ከሶፋው ስትነሣ ሁለቴ ስትሞክር አየኋት፣ ልቤ ደነገጠ። ለእሷ የሚሆነው መለኪያ ወንበር ነው። ደገፍ ያለው፣ የማይንሸራተት፣ ጉልበት ድረስ የሚደርስ ወንበር ግድግዳ ታስጠጋላችሁ። ሁለት እጅ ደረት ላይ ይጣመራል። በ30 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ሙሉ ለሙሉ ተነሥቶ መቀመጥ እንደሚቻል ይቆጠራል። ከ65 እስከ 69 ዓመት ላሉ ሴቶች ከ11 በታች ከአማካይ ያነሰ ተብሎ ይወሰዳል። አጠገባቸው ሰው ይቁም።

እማዬ 66 ዓመቷ ነው። ስትጀምር 9 ነበረች። ቁጥሩን የምትጽፈው ሳሎን በተሰቀለው የቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያ ላይ ነው፣ ከበዓላቱ ሥር፣ በእርሳስ። አሁን 12 ደርሳለች። ክረምት ላይ ብርዱ ጉልበቷን ሲይዛት ወደ 10 ወርዳ፣ «ይኸው ተመለስኩ» አለችኝ። ቅጠሉን ወደኋላ ገልብጬ ያለፈውን ነሐሴ አሳየኋት። ያኔም ወርዶ ነበር፤ ያኔ ግን 7 ነበር። መነጽሯን አድርጋ ሁለቱን ቁጥሮች ደጋግማ አየቻቸው። ከዚያ እርሳሱን ተቀብላኝ የዚያን ቀን 10 ራሷ ጻፈችው፣ ከጎኑም «ብርድ» ብላ ጨመረች።